ማሸት በሆስፒታል ውስጥ፦ የነቀምቴና የወለጋ ከተሞች ታማሚ፣ አስታማሚና ባለሙያ



የንግግሬን ርዕስ ማስታወቂያው ላይ ያነበባችሁ አንዳንዶቻችሁ ቅንጦት መስሎ ታይቷችሁ ይሆናል። አልጋ ባልበቃበት፣ መድኃኒት ከውጭ ግዙ በሚባልበት ሆስፒታል ስለ ማሸት መናገር ምን ይባላል? ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ከእርሱ ልጀምር። መልሴ ማሸት ወደ ሆስፒታሎቻችን ሊገባ የተሰለፈ አዲስ አገልግሎት አለመሆኑ ነው። ቀድሞ ገብቷል። የተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ከመሸ በኋላ የቆየ ሰው የሚያየው ነው፤ እናት የልጇን እግር ታሻለች፣ ወንድም የወንድሙን ጀርባ ይደግፋል፣ ሚስት በቅባት የራሰ እጇን በባሏ ትከሻ ላይ ታሳልፋለች። ይህን ያዘዘ ሐኪም የለም፤ የከለከለም የለም። በሕክምና ካርዱ ላይ አንዲት ቃል አልተጻፈችለትም። ዛሬ ልሟገትለት የመጣሁት ነገር ይህ ያልተጻፈ እጅ ባለቤት ያግኝ የሚል ነው፤ ምክንያቱም በአንዱ አልጋ ላይ ሕመም ያስታግሳል፣ በሌላው አልጋ ላይ ሰው ሊገድል ይችላል።

ምሳሌዎቼን ከነቀምቴና ከአካባቢዋ የማመጣው ከእናንተ ብዙዎቹ ለተግባር ልምምድ ወደዚያ ስለምትመደቡ ነው። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሉና የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ሪፈራል ሆስፒታል በዚያው ይገኛሉ፤ በምዕራብ በኩል የጊምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታል፣ የአይራ ሆስፒታል፣ ከዚያም ደምቢ ዶሎ ድረስ የሚዘረጋ የጤና ተቋማት ሰንሰለት አለ። ዘመናዊው ሕክምና በዚህ ምድር የመቶ ዓመት ያህል ዕድሜ አለው። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ሐኪም ቶማስ ላምቢ ሳዮ፣ የዛሬዋ ደምቢ ዶሎ አካባቢ፣ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1919፣ የኅዳር በሽታ ካለፈ በኋላ ነበር። ከእርሱ በፊት የተሰበረና የወለቀ ወዴት ይሄድ ነበር ቢባል፣ መልሱ ዛሬም ብዙው ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው፤ ወደ ወጌሻ።

ስለዚህ ቃል ጥቂት ልበል። አማርኛችን «ወጌሻ» የሚለው ስብራት የሚጠግነውን፣ ውልቃት የሚመልሰውን፣ የተጣመመ ጅማት የሚያሸውን ሰው ነው። የእግር ኳስ ተጫዋች ሲወድቅ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወደ ሜዳ የሚሮጠውንም በዚሁ ስም እንጠራዋለን። ነቀምቴ ስትደርሱ ደግሞ «ኦጌሳ» የሚል የኦሮምኛ ቃል ትሰማላችሁ፤ ዐዋቂ፣ ሙያ ያለው ማለት ነው፤ የጤና ባለሙያውም በመሥሪያ ቤት ቋንቋ «ኦጌሳ ፈያ» ይባላል። የሁለቱን ቃላት ዝምድና ለቋንቋ ሊቃውንት ልተወው። ለእኔ የሚበቃኝ፣ አንድ የገጠር ሽማግሌ ነጭ ጋዋን የለበሰውን ወጣትና መንደሩ ውስጥ አጥንት የሚጠግነውን ጎረቤቱን በአንድ ዐይነት ቃል ሊጠራቸው መቻሉ ነው። በእርሱ ዘንድ ሁለቱም እጃቸው የሚያውቅ ሰዎች ናቸው። እኛ ግን አንዱን መዝገብ ውስጥ ስናስገባ ሌላውን እንደሌለ ቆጥረን ኖረናል።

እንደሌለ መቁጠሩ ምን እንዳስከፈለ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች በሚገባ ያውቁታል። የተሰበረ ክንድ በቀርከሃና በጨርቅ ጠብቆ ሲታሰር፣ እብጠቱ እየጨመረ የደም ዝውውሩ ሲቆም፣ ጣቶቹ ይጠቁራሉ፤ ልጁ ሆስፒታል የሚደርሰው እጁ ጋንግሪን ከያዘው በኋላ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው መቁረጥ ነው። ስብራቱን በየቀኑ ማሸት ደግሞ እብጠቱን ያብሳል፤ ሊገጥም የጀመረውንም አጥንት ይነቀንቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ኢትዮጵያዊ ቀዶ ሐኪም በእንግሊዝ የአጥንትና መገጣጠሚያ ቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ያሳተመው ጽሑፍ ታዲያ ትኩረት የሚገባው ነው። ወጌሾችን ከመክሰስ ይልቅ ሰብስቦ በአጭር ሥልጠና ማስተማር ይህን ጋንግሪን በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ማሠሪያውን አላሉ፣ ጣት ሲቀዘቅዝና ሲጠቁር ፍቱ፣ ቆዳ የቀደደ ስብራት ካያችሁ አትንኩ፣ ላኩልን፤ ትምህርቱ ከዚህ ብዙም አይርቅም። ወጌሻው ጠላት ስላልነበረ ነው የሰማው።

ወደ ወሊድ ክፍል እንለፍ፤ ነገሩ እዚያ የበለጠ ይወሳሰባል። የነፍሰ ጡርን ሆድ በቅቤ ማሸት በሀገራችን የቆየ ልማድ ነው። ምጥ ሲራዘም ሆዷን እየተጫኑ ማሸት በተለይ ቀድሞ በቀዶ ጥገና በወለደች ወይም ብዙ ጊዜ በወለደች ሴት ላይ ማሕፀን እስከ መቅደድ ያደርሳል። በጎጂ ልማዶች ላይ የሚሰጡ ትምህርቶችም ይህን ሲያነሱት ቆይተዋል። ነገር ግን ያው የወሊድ ክፍል ማሸትን ሁለት ጊዜ በራሱ ሥርዓት ይጠቀምበታል። አንደኛው ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ ነው። አዋላጅዋ እጇን እምብርት አካባቢ አሳርፋ የላላውን ማሕፀን እስኪጠነክር ታሸዋለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው መመሪያ ይህን ለደም መፍሰስ ሕክምና ይመክረዋል፤ መከላከያ ኦክሲቶሲን ለተሰጣት ሴት ግን ያለማቋረጥ ማሸት አያስፈልግም፣ የማሕፀኑን ጥንካሬ እየዳሰሱ መከታተል ይበቃል ይላል። ሁለተኛው በምጥ ጊዜ ነው። የዚሁ ድርጅት የ2018 የወሊድ እንክብካቤ መመሪያ፣ ጤናማ ምጥ ላይ ያለች ሴት የሕመም ማስታገሻ ስትሻ፣ እንደ ምርጫዋ ማሸትና ሞቅ ያለ ጨርቅ ሊቀርብላት እንደሚገባ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ የሚታሸው ጀርባ፣ ወገብና ትከሻ ነው። ሆድ አይደለም።

እንግዲህ አንዲት የገጠር እናት ይህን በምን ትለየው? በመንደሯ ሆድሽን አትታሺ ተብላ ተመክራለች፤ ሆስፒታል ስትደርስ አዋላጅዋ ሆዷን አጥብቃ ታሻለች። ማንም ቆም ብሎ «አሁን የማሸው ልጁ ስለወጣ ነው፣ ማሕፀንሽ እንዲኮማተር ነው» ካላላት፣ ምክሩም ድርጊቱም ትርጉም ያጣል። ማስረዳቱ ደግሞ በምታውቀው ቋንቋ መሆን አለበት። እኔ ዛሬ በአማርኛ የምናገረው ከየአቅጣጫው የመጣችሁ ስለሆናችሁ ነው፤ ወለጋ የምትመደቡ ግን «ያምሻል ወይ»ን እና «ልንካሽ ትፈቅጃለሽ ወይ»ን በኦሮምኛ ሳትማሩ አትሂዱ።

ፈቃድን ካነሣሁ አይቀር፣ በወለጋ በቅርብ ዓመታት የነበረውን ግጭት ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ብዙ ሰው ተፈናቅሏል፣ ቆስሏል፣ ዘመዱን ቀብሯል። ከእነዚህ ታማሚዎች መካከል ሳይጠበቅ የመጣ የሰው እጅ ሽብር የሆነባቸው አሉ። በተለይ ጥቃት ለደረሰባት ሴት፣ በበጎ ሐሳብም ቢሆን ከጀርባ መጥቶ ትከሻ መንካት ሕክምና አይደለም። እጅን ማሳየት፣ መጠየቅ፣ መልስ መጠበቅ፣ ዝምታን እንደ እሺታ አለመቁጠር፤ ይህ የጨዋነት ጌጥ ሳይሆን የሥራው ግማሽ ነው።

«ማሳጅ» የሚለው የውጭ ቃል በከተሞቻችን ያለበትን ስምም ታውቁታላችሁ። አንዳንድ ነርሶች ሥራውን የሚሸሹት ቃሉን ከአንዳንድ ቤቶች ጋር ስለሚያያይዙት ነው። በዚህ ብቸኛ አይደለንም። እ.ኤ.አ. በ1894 ለንደን ውስጥ ተመሳሳይ ቅሌት ሲወራ የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር። በዚያው ዓመት በነርስነትና በአዋላጅነት የሠለጠኑ አራት ሴቶች ተሰባስበው የሠለጠኑ አሺዎች ማኅበር አቋቋሙ። ደንባቸው ጥብቅ ነበር፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሠራም፣ ከሐኪም ልዩ ትእዛዝ በቀር ወንድ አይታሽም፣ በተራ ጋዜጣ ማስታወቂያ አይነገርም። ያ ማኅበር አድጎ የዛሬው የብሪታኒያ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች ማኅበር ሆነ። ስም የጠፋበትን ሙያ ያዳነው ሥርዓትና መዝገብ ነበር ማለት ነው። በእኛ ሀገር የፊዚዮቴራፒ የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከተጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ከዚያም ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት በሥጋ ደዌ የደነዘዙና የደረቁ እጆችን በውኃ ማራስ፣ ቅባት መቀባት፣ ጣቶችን ማዘርጋት የዕለት ተዕለት ሥራው አድርጎት ነበር። መነሻ የለንም ማለት አንችልም።

ማስረጃውስ ምን ይላል? እዚህ ላይ ቁጥብ መሆን እወዳለሁ፤ ስለ ማሸት የሚጻፈው ብዙው ነገር የተጋነነ ነውና። ኒው ዮርክ በሚገኘው ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል 1,290 ታማሚዎች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ዘገባ፣ ከመታሸት በኋላ ሕመም፣ ድካምና ጭንቀት በግማሽ ያህል እንደቀነሰ ይናገራል። ቁጥሩ ያስደስታል፤ ነገር ግን ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረውም። ከአራት ዓመት በኋላ በ380 የካንሰር ሕመማቸው በገፋ ታማሚዎች ላይ የተሠራው ጥናት የበለጠ ያስተምራል። ግማሾቹ በሠለጠነ ባለሙያ ታሹ፤ ግማሾቹ ላይ ምንም ሥልጠና የሌላቸው ሰዎች እጃቸውን እያሳረፉ ብቻ ቆዩ። ወዲያው ከተነካኩ በኋላ በተለካው ሕመምና ስሜት ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው፤ የታሹት በለጡ። ሳምንታት አልፈው ሲለካ ግን በቡድኖቹ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ይህን ውጤት አንዳንዶች ማሸት አይረባም ብለው ያነቡታል። እኔ በተቃራኒው አነበዋለሁ፤ ዘለቄታ ያለው ፈውስ አትጠብቁ፣ ለዛሬ ማታ የሚሆን እፎይታ ግን አለ፣ ያውም ከፊሉን ያልሠለጠነ እጅ ሊሰጠው ይችላል። የሕመም ማስታገሻ ሁልጊዜ በማይገኝበት ክፍል የዛሬ ማታ እፎይታ ትንሽ ነገር አይደለም።

ያለጊዜያቸው ስለሚወለዱ ሕፃናት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት አለ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ለዐሥር ቀናት የታሹት ሕፃናት ካልታሹት በ47 በመቶ የበለጠ ዕለታዊ ክብደት ጨመሩ፤ ከሆስፒታልም ስድስት ቀን ቀድመው ወጡ። ሕፃናቱ 40 ብቻ መሆናቸውን አትርሱ። ባንግላዴሽ ውስጥ የሱፍ ዘይት በቀስታ የተቀቡ እጅግ ያነሱ ሕፃናት ላይ በሆስፒታል የሚያዝ የደም ኢንፌክሽን በ41 በመቶ መቀነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ተዘግቧል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ቅባት መቀባት «ሊታሰብበት ይችላል» የሚል ለስለስ ያለ ምክር ሰጥቷል። ወለጋ የኑግ አገር ነውና ኑግስ? ቅቤስ? የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። የተፈተነው ዘይት ሌላ ነው፤ የገበያ ቅቤ ደግሞ ንጽሕናው አይታወቅም። ስለዚህ እናትየዋ ቅቤ ይዛ ስትመጣ ማመናጨቁ ቀርቶ፣ ሕፃኑን ራቁት ደረቷ ላይ አድርጋ እንድታቅፈው ማስተማር ይቅደም። የካንጋሩ እንክብካቤ የምንለው ይኸው ነው፤ ማስረጃውም ከማሸት እጅግ ይበልጣል። ልጇን በእጇ መንካት የፈለገችውን እናት ጉጉት ወደተሻለ ቦታ ማዞር ነው።

አሁን ወደ አልጋው ዳር እንመለስ። አስታማሚውን ምን እናስተምረው? እኔ ብጠየቅ የምለው ከእጅና ከእግር ጀምሩ ነው። የእጅ መዳፍ፣ ክንድ እስከ ክርን፣ የእግር መርገጫ እስከ ቁርጭምጭሚት፤ ለዐሥር ደቂቃ፣ በቀስታ፣ እጅ ከታጠበ በኋላ፣ ታማሚው ልብሱን ሳያወልቅ። ይህ ቦታ አይፈልግም፣ መጋረጃ አይፈልግም፣ ገንዘብ አይፈልግም። ነርስዋ አንድ ጊዜ በራስዋ እጅ ታሳያለች፣ አስታማሚው እያየችው ይደግመዋል።

ከዚህ በላይ ጊዜ የሚገባው ክልከላው ነው። ባት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ አትሹት፤ በደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም ሊሆን ይችላልና ተነቅሎ ሳንባ ከደረሰ ሰው ይሞታል። በወለጋ ዓይነት አካባቢ ብዙ ሰው አልጋ ላይ ለሳምንታት በትራክሽን ታስሮ ስለሚቆይ ይህ የመጽሐፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ለረጅም ጊዜ የተኛ ሰው ታፋው ወይም ተረከዙ ሲቀላ ደግሞ ብዙዎቻችን እናሸዋለን፤ ቀድሞ የነርስ መማሪያ መጻሕፍት ራሳቸው በአልኮል ማሸትን ይመክሩ ነበር። ዛሬ መመሪያዎቹ አጥንት ከቆዳ በሚቀርብበት ቦታ የቀላን አካል ማሸት ከሥሩ ያለውን የተጎዳ ሥጋ ያብሰዋል ብለው ይከለክላሉ። መፍትሔው ታማሚውን በየሁለትና በየሦስት ሰዓቱ ማገላበጥ ነው። ትኩስ ስብራት፣ ቃጠሎ፣ ክፍት ቁስል፣ እባጭ፣ በቀላሉ የሚደማ ሰው፤ እነዚህም ከእጅ ይራቁ። በስትሮክ ጎኑ የዛለ ሰው ትከሻ አይጎተት። ዘመዶች እጁ «እንዲነቃ» በኃይል ሲስቡት መገጣጠሚያው ይወልቃል።

ስለ ሠራተኛው ብዙ ጊዜ ዝም ይባላል። ነርስዋ፣ አዋላጅዋ፣ የልብስ አጠባና የጽዳት ሠራተኛዋ ወገባቸውን ይዘው ሲሄዱ አይተናል። አልጋው ዝቅ ያለ ነው፤ ታማሚ ማንሻ መሣሪያ የለም፤ የሌሊት ተረኛዋ አንድ ናት። ለእነርሱ የማሸት አገልግሎት ይከፈት የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ደስ ቢለኝም ሥጋት አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2015 የኮክሬን ግምገማ ማሸት ለወገብ ሕመም የሚሰጠው ጥቅም አጭር ጊዜ እንደሆነና ማስረጃውም ደካማ እንደሆነ ደምድሟል። ዛሬ የታሸች ወገብ ነገ ያንኑ ታማሚ ብቻዋን ካነሣች ምን ተጠቀመች? ስለዚህ በቅድሚያ በታማሚው ሥር ጠንካራ አንሶላ ወይም ታጥፎ የተነጠፈ ጋቢ ይደረግ፤ በሁለት ሰው፣ በአንድ ቆጠራ ይሳብ እንጂ በክንድ አይነሣ። ይህ የሚጠይቀው ልማድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ፣ የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች ለልምምድ በሚኖሩበት ጊዜ፣ በሥራ ቅያሪ ሰዓት በወንበር ላይ በተቀመጠችበት፣ ልብሷን እንደለበሰች፣ ዐሥር ደቂቃ ትከሻና አንገት ማሸት ይቻላል። ሴት ለሴት፣ ወንድ ለወንድ፤ በሩ ክፍት ሆኖ። ተማሪው እጁን ይፈታል፣ ሠራተኛዋ ዐሥር ደቂቃ ትቀመጣለች። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ጥቅም መቀመጧ ሳይሆን አይቀርም። አስተዳደሩ ግን ይህን ለጎደለ የሰው ኃይል ማካካሻ አድርጎ ካቀረበው፣ ሠራተኛው ቢቆጣ አልፈርድበትም።

ማን ይምራው ለሚለው ጥያቄ፣ ፊዚዮቴራፒስት ባለበት እርሱ፣ በሌለበት የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ይሁን እላለሁ። በነቀምቴ ያሉት ሁለቱ ሆስፒታሎች ተማሪ የሚቀበሉ ስለሆኑ ለመጀመር ይመቻሉ፤ ነጆ፣ መንዲ ወይም ሻምቡ ላይ ግን በአንድ ነርስ ትከሻ ላይ ሌላ ሸክም እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ወጌሻውንም ከግቢ ውጭ አንተወው። በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አማካይነት በዓመት አንድ ቀን ተጠርቶ ስለ ማሠሪያና ስለሚላኩ ታማሚዎች ቢነገረው፣ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጥቂት እጆችና እግሮች ያተርፋል። ታማሚው ሲገባም «ወጌሻ ጋ ሄደሃል?» ተብሎ ያለ ቁጣ ይጠየቅ፤ በቁጣ ከጠየቅነው ይዋሸናል።

ለመጀመሪያው ወር የማቀርበው ሥራ ከዚህም ያነሰ ነው። በሕክምና ካርዱ የነርስ ገጽ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፤ «ማሸት፦ ተፈቅዷል / አልተፈቀደም፤ የት፤ በማን»። ነርስዋ ታማሚውን ስትቀበል ትሞላዋለች፣ ለአስታማሚው ታነብለታለች። ከወር በኋላ ካርዶቹን ሰብስበን ስንቱ እንደተሞላ፣ ስንቱ ባዶ እንደቀረ፣ «አልተፈቀደም» ከተባሉት ውስጥ ስንቱ እንደተከበረ እንቆጥራለን። ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች እዚያ ውስጥ በቂ ሥራ ታገኛላችሁ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ልቀበል።